የሾፓንን ፋንታዚ-ኢምፕሮምፕቱ በፒያኖ ለመማር፦ ከግራ እጅ የሚነሣ ዝርዝር መመሪያ

የፒያኖ ተማሪዎች አጥብቀው ከሚመኟቸው፣ ብዙዎቹም ጀምረው ከሚተዉአቸው ሥራዎች አንዱ የፖላንድ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ፍሬዴሪክ ሾፓን እ.ኤ.አ. በ1834 የጻፈው ፋንታዚ-ኢምፕሮምፕቱ ነው። ሰሚውን የሚያስደንቀው ፍጥነቱ ነው፤ በተለመደው አካሄድ ሲጫወቱት ቀኝ እጅ በሰከንድ ከአሥር ኖታ በላይ ይነካል። ተማሪውን ለወራት አንድ ቦታ ላይ የሚያቆመው ግን ሌላ ነገር ነው፦ በእያንዳንዱ ሩብ ኖታ (እዚህ አንድ ምት) ውስጥ ቀኝ እጅ አራት ኖታ ሲጫወት ግራ እጅ ሦስት ይጫወታል፤ ሁለቱ እጆች የሚገናኙት በምቱ መነሻ ላይ ብቻ ሲሆን ወዲያው ይለያያሉ። አብዛኛው ተማሪ ቀልብ የሚስበውን የቀኝ እጅ ክፍል አስቀድሞ ያጠናና ግራ እጁን በኋላ ሊጨምርበት ይሞክራል፤ በዚህም ምክንያት ግራ እጁ የቀኙን ዱካ እየተከተለ ይንገዳገዳል። እኔ የምመክረው አካሄድ የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ግራ እጅ ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀትና ያለ እይታ ራሱን ችሎ መሄድ አለበት፤ ቀኝ እጅ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ኖታዎችን የምጠራው በፊደል ስያሜያቸው ስለሆነ በዶ-ሬ-ሚ የተማሩ አንባቢዎች «ሲ» ስል «ዶ»ን እንደማመለክት፣ እነርሱ «ሲ» የሚሉትን ደግሞ «ቢ» እንደምለው ልብ ይበሉ። የጣት ቁጥሮች እንደተለመደው አውራ ጣትን 1 ብለው ትንሿን ጣት 5 ይላሉ። የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝግጁ መሆንዎን ይመዝኑ

ይህ ሥራ ለጀማሪ አይሆንም። የሲ ሻርፕ ማይነርን ስኬልና አርፔጂዮ (ኖታዎቹ ተራ በተራ የሚነኩ ኮርድ) በሁለቱም እጅ ሳይደናቀፉ የሚጫወት፣ ከባኽ ባለ ሁለት ድምፅ ኢንቬንሽኖች ቢያንስ ጥቂቱን ያጠና፣ ከሾፓን ቫልሶች ወይም ኖክተርኖች አንዱን እስከ መጨረሻው ያደረሰ ተማሪ ሊጀምረው ይችላል። ከዚህ በታች ያለ ተማሪ ቢሞክረው ኖታዎቹን ምናልባት ይዞ ሊጨርስ ይችላል፤ ሆኖም እጁ ደርቆና ተጨናንቆ የሚይዘውን አጨዋወት በኋላ ማረም እንደ አዲስ ከመማር ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

የምት መደራረቡን ለብቻው ለመለማመድ ሁለት ሥራዎች ይረዳሉ። የደቡሲ የመጀመሪያው አራቤስክ ሁለትን በሦስት ላይ ያስተምራል። ሾፓን በ1839 ከጻፋቸው ሦስት አዳዲስ ኤቱዶች የኤፍ ማይነሩ ደግሞ ሦስትን በአራት ላይ፣ በተረጋጋ ፍጥነትና በተቃራኒው የእጅ አሰላለፍ ያቀርባል፤ በዚያ ሦስቱን የሚይዘው ቀኝ እጅ፣ አራቱን የሚይዘው ግራ እጅ ነው። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁለትና ሦስትን በአንድ ጊዜ መስማት ያን ያህል እንግዳ አይደለም፤ በስድስት ስምንተኛ የሚሄደውን የችክችካ ምት እየሰማን ስላደግን ጆሯችን መንገዱን በከፊል ያውቀዋል። አራትን በሦስት ላይ ማድረግ ግን ለማንም ቢሆን አዲስ ትምህርት ነው።

መሣሪያና እትም

የሚያስፈልገው 88 ቁልፍ ያለው ፒያኖ ወይም ቁልፎቹ እንደ ፒያኖ ክብደት ያላቸው ዲጂታል ፒያኖ፣ ከማቆያ ፔዳል ጋር ነው። በየቤቱ የሚገኘው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ችግሩ የቁልፎቹ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ቁልፎቹ ክብደት ስለሌላቸው ጣት ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ አይማርም፤ በዚያ ላይ የተለማመደ ሰው እውነተኛ ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ግራ እጁ ከሁለት ገጽ በኋላ ይዝላል። ኪቦርድ ብቻ ካለዎት ኖታውን ለማንበብና የጣት ቁጥር ለመምረጥ ይጠቀሙበትና ዋናውን ልምምድ ፒያኖ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ አስፈቅደው ያድርጉ።

የእትም ጉዳይ በዚህ ሥራ ላይ ከሌሎች ይልቅ ይከብዳል። ሾፓን ሥራውን በሕይወት ሳለ አላሳተመውም፤ ያልታተሙ ጽሑፎቹ እንዲቃጠሉም ፈልጎ ነበር። በ1849 ከሞተ በኋላ ወዳጁ ዩሊያን ፎንታና በ1855 አሳተመው፤ «ፋንታዚ» የሚለውን ስምና 66 የሚለውን የሥራ ቁጥር የሰጠውም እርሱ ነው። በ1960 ፒያኒስቱ አርተር ሩቢንስታይን በ1835 ለባሮነስ ዴስቴ የተጻፈ፣ በሾፓን የራሱ እጅ የተዘጋጀ ቅጂ አገኘ፤ ይህም ከፎንታና እትም በዝርዝር ጉዳዮች ይለያል። ለተማሪው የሚመጣው መዘዝ ግልጽ ነው፦ ከአንዱ እትም እያነበቡ በሌላው እትም የሚጫወት ሰው ቀረጻ ቢሰሙ «ተሳስቻለሁ» ብለው ትክክለኛውን ኖታ ሊያበላሹ ይችላሉ። አንዱን እትም ይምረጡና እስከ መጨረሻው በእርሱ ይጽኑ። በአብዛኛው ቀረጻ የሚሰማው የፎንታና ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚማር ሰው እርሱን እመርጣለሁ።

ሥራውን በአራት ይክፈሉ

ሥራው 138 ባር (በኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚለይ ክፍል) አለው። ከባር 1 እስከ 40 ያለው ፈጣኑና የሚታወከው የሲ ሻርፕ ማይነር ክፍል ነው። ከባር 41 ጀምሮ ሁለት ዝግ ያሉ የመሸጋገሪያ ባሮች መጥተው ወደ ዲ ፍላት ሜጀር ይወስዱናል፤ ረጅሙና ዘፋኙ መካከለኛ ክፍል እስከ ባር 82 ይዘልቃል። በባር 83 የመጀመሪያው ክፍል ይመለሳል። ከባር 119 ጀምሮ ያለው መደምደሚያ ነው። ዲ ፍላት እና ሲ ሻርፕ በፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍ ናቸው፤ ስለዚህ መካከለኛው ክፍል ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ቢመስልም በመሠረቱ የማይነሩን ቤት ወደ ሜጀር የለወጠ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ አምስቱን ፍላቶች ሲያይ አይደናገጥም።

ከአራቱ ክፍሎች አንዱ በአብዛኛው ድግግሞሽ በመሆኑ የሚጠናው አዲስ ነገር ከገጹ ብዛት ያንሳል። ይሁን እንጂ መደምደሚያውን መጨረሻ ላይ ለማጥናት አያስቀምጡት። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ገጽ መቶ ጊዜ ይጫወትና መደምደሚያው ላይ ሲደርስ በማያውቀው ነገር ይሰናከላል። በመጀመሪያው ሳምንት ከባር 119 በኋላ ያሉትን ባሮች በዝግታ ማንበብ ይጀምሩ፤ መካከለኛውንም ክፍል ከፈጣኑ ጎን ለጎን ይያዙት፤ ጣት ሲደክም ማረፊያ ይሆናል።

የጣት ቁጥር

በሁለቱም እጅ የጣት ቁጥሮችን መርጠው በእርሳስ ሳይጽፉ አንድም ባር አይድገሙ። በዝግታ የሚሠራ የጣት ቁጥር በፍጥነት ላይሠራ ስለሚችል፣ የመረጡትን በሁለት ምት ብቻ ወስነው በፍጥነት ይሞክሩት፤ ካልሄደ አሁኑኑ ይለውጡት።

በግራ እጅ ከባር 3 የሚጀምረው ቅርጽ ሲ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ ብሎ ወጥቶ በሲ ሻርፕና በጂ ሻርፕ ይመለሳል። ከታችኛው ሲ ሻርፕ እስከ ላይኛው ኢ ያለው ርቀት ከአንድ ኦክታቭ ያልፋል። እጃቸው ሰፊ ያልሆነ ሰዎች 5-2-1-2-1-2 ብለው ሌባ ጣትን በአውራ ጣት ላይ ቢያሻግሩ ይቀላቸዋል፤ ሰፊ እጅ ያለው ደግሞ 5-3-2-1-2-3 ሊመርጥ ይችላል። ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጡ እጅን ዘርግቶ ሁሉንም ኖታ በአንድ ጊዜ ለመያዝ መሞከር ክልክል ነው። እጅ ከዝቅተኛው ኖታ ወደ ከፍተኛው በክንድ ታግዞ ይጓዛል፣ ይመለሳል፤ ጣቶቹ አይወጠሩም።

በቀኝ እጅ የሲ ሻርፕ ማይነር ጥቁር ቁልፎች ረጃጅሞቹን ጣቶች በተፈጥሯዊ ቦታቸው ያስቀምጧቸዋል፤ ሥራው ከሚመስለው በላይ ለእጅ የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። አውራ ጣት በተቻለ መጠን ለነጮቹ ቁልፎች ይቆይ። ወደ ታች በሚወርዱት የክሮማቲክ ሩጫዎች (ጥቁርና ነጭ ቁልፎችን ሁሉ በተራ በሚነኩት) መሀል ጣት ጥቁሮቹን፣ አውራ ጣት ነጮቹን ይይዛሉ፤ በኤፍና በሲ ላይ ግን ሌባ ጣት ይገባል።

ግራ እጅን ለብቻው መሥራት

ይህ ከሁሉም ደረጃዎች ረጅሙ ነው፤ መርዘሙም ይገባዋል። በመጀመሪያ ቅርጹን በኮርድ መልክ ይያዙት፦ ታችኞቹን ሁለት ኖታዎች አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ላይኞቹን ሁለት አንድ ላይ ይጫኑ፤ በዚህ መልክ የመጀመሪያውን ክፍል በሙሉ ከባር 3 እስከ 40 ይጓዙ። እጅ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ዓይን ሳይረዳው እስኪያውቅ ድረስ ይደግሙት። ከዚያ ኖታዎቹን ፈትተው ሜትሮኖሙን (ምት ጠባቂውን መሣሪያ) ሩብ ኖታ 60 ላይ፣ ማለትም በደቂቃ 60 ምት አድርገው፣ በእያንዳንዱ ምት ሦስት እኩል ኖታ ይጫወቱ። እኩል መሆናቸውን ለመመርመር በስልክ ይቅረጹና ዓይንዎን ጨፍነው ይስሙ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጥረው ሦስተኛው ኖታ ነው፤ እጅ ለመመለስ ስለሚቸኩል።

ትንሿ ጣት የምትነካው የመጀመሪያው ኖታ የቅርጹ መሠረት፣ «ሥሩ» ነው፤ ሌሎቹ አምስቱ በእርሱ ላይ የተንሳፈፉ ናቸው። ሥሩን ከሌሎቹ ትንሽ ከበድ አድርጎ፣ የቀሩትን አለዝቦ መጫወት ከመጀመሪያው ቀን መለመድ አለበት። ሁሉንም እኩል አጉልቶ የተማረ ግራ እጅ ቀኝ እጅ ሲጨመርበት ዜማውን ይውጠዋል፤ ያን ጊዜ ማለዘብ አዲስ ሥራ ይሆናል።

ፍጥነቱ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይጨመር። የመጨረሻው ግብ ግማሽ ኖታ በ80 አካባቢ፣ ማለትም ሩብ ኖታ በ160 ነው፤ ከቀኝ እጅ ጋር ለመገናኘት ግን ግራ እጅ ያን ያህል እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። መመዘኛው እንዲህ ነው፦ ግራ እጅ ሩብ ኖታ 100 ላይ ያለ ኖታ ወረቀት ሲሄድ ከአጠገብዎ ካለ ሰው ጋር ማውራት ከቻሉ ተዘጋጅቷል። ሲናገሩ እጁ ከቆመ ወይም ከተፋጠነ ገና ነው። ይህን ፈተና የማያልፍ ግራ እጅ ቀኝ እጅን አይሸከምም፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሾፓን ራሱ፣ ተማሪዎቹ እንደተረኩት፣ ግራ እጅን የኦርኬስትራ መሪ አድርጎ ያስተምር ነበር፤ ቀኝ እጅ ሲዘገይና ሲፈጥን ግራው ጊዜውን ይጠብቃል። ሥራው ይህን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይጠይቃል።

ቀኝ እጅ

ባር 5 ላይ ቀኝ እጅ የሚገባው በዕረፍት ነው። የመጀመሪያው አሥራ ስድስተኛ ኖታ (የሩብ ኖታ አንድ አራተኛ) ባዶ ነው፤ ቀጥለው ጂ ሻርፕ፣ ኤ፣ ጂ ሻርፕ ይመጣሉ። ሁለተኛው ሩብ በኤፍ ደብል ሻርፕ ይጀምራል፤ ይህም በፒያኖው ላይ የጂ ነጭ ቁልፍ ስለሆነ ለአውራ ጣት ይመቻል። ከዚያ ጂ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ ብሎ ይወጣል። ሦስተኛው ሩብ በዲ ሻርፕና በሲ ሻርፕ መካከል ይመላለሳል፤ አራተኛው በቢ ሻርፕ፣ ማለትም በሲ ነጭ ቁልፍ፣ ጀምሮ ወደ ላይኛው ጂ ሻርፕ ይደርሳል። ይህን ባር እንደ ናሙና በዝርዝር ያነሣሁት የሥራው ፈጣን ክፍል በአብዛኛው ከዚህ ዓይነት ጥቃቅን ዙሮችና መወጣጫዎች የተሠራ ስለሆነ ነው።

ልምምዱ አራት ኖታና አንድ ማረፊያ ይሁን። የአንድ ሩብ አራት ኖታዎችን በሙሉ ፍጥነት ተጫውተው በሚቀጥለው ሩብ የመጀመሪያ ኖታ ላይ ይቁሙ፤ እጅዎ ልቅ መሆኑን ይመርምሩ፤ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥሉ። ቀጥሎ ማረፊያውን ወደ ስምንት ኖታ፣ ከዚያ ወደ አንድ ባር ያራዝሙት። ሙሉውን ባር በዝግታ ጀምሮ ሜትሮኖሙን ብቻ ከፍ እያደረጉ መሄድ የተለመደ ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት፦ የዝግታ እንቅስቃሴና የፍጥነት እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት አይደሉም። በዝግታ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ይነሣል፤ በፍጥነት ግን ኖታዎቹ በአንድ የክንድ ዙር ውስጥ ይገባሉ። አጭር ፍንዳታው እጅን ለሁለተኛው ከመጀመሪያው ያስተዋውቀዋል። ሁለቱንም መንገዶች በየቀኑ ማፈራረቅ ይሻላል።

ኖታዎቹ እኩል የማይሆኑበትን ቦታ ሲያገኙ ምቱን ይለዋውጡት፤ አንዱን ረጅም ቀጣዩን አጭር፣ ከዚያ በተገላቢጦሽ። ከባር 13 ጀምሮ ዜማው ከሩጫው ውስጥ ተነጥሎ የሚወጣበት ክፍል ደግሞ የራሱ ልምምድ አለው። በእትምዎ ላይ የአጽንዖት ምልክት ያለባቸውን ኖታዎች ብቻ ለይተው እንደ ዘፈን ይጫወቱ፤ ከተቻለ ያንጎራጉሩዋቸው፤ ከዚያ የቀሩትን ኖታዎች በሹክሹክታ መጠን ይጨምሩ። ዜማውን ማጉላት የሚመጣው የቀሩትን ከማለዘብ ነው። ጣትን በኃይል መምታት ድምፁን ያደርቀዋል።

አራትን በሦስት ላይ ማስቀመጥ

መጀመሪያ ከፒያኖው ተነሥተው በጠረጴዛ ላይ ይሥሩት። አንዱን ምት በ12 እኩል ክፍል ይክፈሉ። ቀኝ እጅ በ1፣ በ4፣ በ7 እና በ10 ይመታል፤ ግራ እጅ በ1፣ በ5 እና በ9። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል፦ አንድ ላይ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከመጀመሪያው ግንኙነት በኋላ ያለው ቀዳዳ ረጅም ነው፤ ቀጥሎ ቀኝና ግራ ተከታትለው ይመጣሉ፤ መሀሉ ይሰፋል፤ ግራና ቀኝ እንደገና ይጠጋጋሉ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ግንኙነት ረጅም ቀዳዳ ይከተላል። ቅርጹ ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የተሳሳተ እጅ ይህን ሚዛን ስለሚያጣ ስህተቱ ወዲያው ይሰማል።

ሲቆጥሩ የአማርኛ ቁጥሮችን አይጠቀሙ። «አራት» እና «አሥራ አንድ» እኩል ጊዜ ስለማይወስዱ አፍ እጅን ያሳስታል። «ታ» የምትለውን ድምፅ አሥራ ሁለት ጊዜ በእኩል ርቀት ማለት ይሻላል፤ ወይም በወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ሳጥን ሠርተው የቀኙን በላይ፣ የግራውን በታች ምልክት ያድርጉ። በጠረጴዛ ላይ አንድ ሁለት ቀን ከሠሩ በኋላ እጆቹን ያቀያይሩ፤ ግራው አራት፣ ቀኙ ሦስት። ለሥራው በቀጥታ ባያስፈልግም ጆሮን ያጸናል።

ወደ ፒያኖው ሲመለሱ ባር 5ን ይውሰዱ። የመጀመሪያው ሩብ ወጥመድ አለበት፦ ቀኝ እጅ በዕረፍት ስለሚጀምር በምቱ መነሻ ላይ ግራ እጅ ብቻውን ነው፤ የቀኙ የመጀመሪያ ጂ ሻርፕ የሚመጣው በ4 ላይ፣ ከግራው ሁለተኛ ኖታ ጥቂት ቀድሞ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ጂ ሻርፕ ከግራው ጋር አንድ ላይ ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ ሥራው ገና ሲጀመር ይጣመማል። ከሁለተኛው ሩብ ጀምሮ ግንኙነቶቹ ግልጽ ናቸው፦ ኤፍ ደብል ሻርፑ ከግራው ኢ ጋር፣ ዲ ሻርፑ ከታችኛው ሲ ሻርፕ ጋር፣ ቢ ሻርፑ ከኢ ጋር ይገናኛሉ። እነዚህን የመገናኛ ነጥቦች ብቻ፣ ሌላውን ሁሉ ትተው፣ በሜትሮኖም ይጫወቱ። ከዚያ በነጥቦቹ መካከል የግራውን ኖታዎች ይሙሉ፤ በሌላ ዙር የቀኙን ብቻ ይሙሉ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም።

በ12 መቁጠር ለመረዳት እንጂ ለመጫወት አይደለም። ሩብ ኖታው ከ60 በላይ ሲሄድ አእምሮ ሊቆጥረው አይችልም፤ ከዚያ በኋላም መቁጠሩን የሚቀጥል ተማሪ ሙዚቃውን ይሰባብረዋል። ቅርጹ ጆሮ ውስጥ ከገባ በኋላ አሠራሩ ይለወጥ፦ ግራ እጅ ብቻውን ሁለት ባር ይሂድ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ ቀኝ እጅ አንድ ሩብ ያህል ብቻ ይግባና ይውጣ፤ ግራው እየሄደ ይቆይ፤ ቀኙ እንደገና ይግባ። ትኩረትዎ በሙሉ በግራው ላይ ይሁን፤ ቀኙ ራሱ ቦታውን ያገኛል። ቀኙ ሲገባ ግራው ከተንቀጠቀጠ ፍጥነቱን አይቀንሱ፤ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሰው ግራውን ለብቻው ያጽኑ። በሩጫው መካከል ያሉት ኖታዎች ፍጹም በቦታቸው መቀመጣቸው አያስጨንቅዎ፤ በሙሉ ፍጥነት ሰሚው የሚለየው የምቱ መነሻ መገናኘቱንና እያንዳንዱ እጅ በራሱ እኩል መሆኑን ነው።

ፔዳል

ሁለቱም እጆች አብረው እስኪሄዱ ድረስ ፔዳል አይንኩ። ፔዳል ጉድለትን ይሸፍናል፤ የተሸፈነ ጉድለት ደግሞ አይታረምም። ሲጨምሩት የሥሩ ኖታ በተለወጠ ቁጥር ይለውጡት፤ ኤፍ ደብል ሻርፕንና ቢ ሻርፕን የመሳሰሉ ጎረቤት ኖታዎች ተደራርበው ሲደፈርሱ ከሰሙም ቶሎ ያንሡት ወይም በግማሽ ብቻ ይጫኑት። ትክክለኛው ልክ በፒያኖውና በክፍሉ ስለሚለያይ በእግር ሳይሆን በጆሮ ይወሰናል።

መካከለኛው ክፍል

በቴክኒክ ቀላሉ ይህ ነው፤ ስለዚህም የሚናቀውና የሚበላሸው እርሱ ነው። ግራ እጅ ሦስት ሦስት እያለ በሰፊ የተሰበሩ ኮርዶች ይፈስሳል፤ ቀኝ እጅ በላዩ ይዘፍናል። አልፎ አልፎ ሁለት ኖታ በሦስት ላይ ይመጣል፤ አራትን በሦስት ላይ ለሠራ ሰው ይህ አይከብድም። የሚከብደው ዜማው ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ መምጣቱ ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚጫወተው ሰው ሰሚውን ያሰለቻል። በኖታው ላይ እያንዳንዱን መመለሻ በእርሳስ ይለዩትና ለእያንዳንዱ የተለየ ነገር ይወስኑለት፤ አንዱ በሙሉ ድምፅ፣ አንዱ እንደ ማስተጋቢያ ለዘብ ብሎ፣ አንዱ የግራውን ሥር አጉልቶ። ፍጥነቱን ማላላት ይፈቀዳል፤ የሚላላው ግን ዜማው እንጂ ግራ እጅ አይደለም። ሐረጎቹን እየዘፈኑ ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ ያግኙ፤ እጅም በዚያው ቦታ ከቁልፉ ይነሣ።

መደምደሚያው

እዚህ ላይ ቀኝ እጅ ለረጅም ጊዜ ያለ ፋታ ስለሚሠራ የክንድ ድካም ያስቸግራል። ከባር 119 በፊት ባለው ገጽ ላይ ድምፅን ቆጥበው ካልደረሱ እዚህ የሚያወጡት ኃይል አይኖርም። በመጨረሻዎቹ አሥር ባሮች ገደማ የመካከለኛው ክፍል ዜማ በግራ እጅ፣ በዝቅተኛው ድምፅ፣ ዝግ ብሎ ይመለሳል፤ ቀኙ በላዩ እያጉረመረመ ይቀጥላል። የድምፅ ሚዛኑ እዚህ ይገለበጣል፦ እስካሁን ለዘብ እንዲል የተማረው ግራ እጅ አሁን ዘፋኝ ነው። ግራውን ለብቻው እንደ ቼሎ አጠንክረው ያጥኑት፤ ቀኙን ደግሞ ቁልፉን ሳይለቁ፣ ጣቱን ከፍ ሳያደርጉ ይያዙት። ሥራው የሚያርፈው በማይነር ሳይሆን በሲ ሻርፕ ሜጀር ነው።

የቀን ሥራና ድካም

በቀን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ቀን ቢሠራ፣ ቀደም ሲል የጠቀስኩት ዓይነት ዝግጅት ላለው ሰው ከአራት እስከ ስምንት ወር ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ሥራ ውስጥ ከአራት እስከ ስምንት ባር በላይ አዲስ ነገር አይያዙ። ትናንት የሠሩትን ዛሬ በዝግታ ሳይጫወቱ ወደ አዲስ አይሻገሩ። በእጅ አንጓ ወይም በክንድ ላይ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከተሰማዎት ወዲያው ያቁሙ፤ ሕመም ጥንካሬ እየመጣ ለመሆኑ ምልክት አይደለም፤ ካልተወም ሐኪም ማየት ይገባል።

ዲጂታል ፒያኖ ያላችሁና መብራት የሚጠፋባችሁ ተማሪዎች ያን ሰዓት ለቃል ጥናት ተጠቀሙበት። ኖታውን በእጅ ይዞ ግራ እጅን በጠረጴዛ ላይ እየተጫወቱ ድምፁን በአእምሮ መስማት፣ ከዚያም ወረቀቱን ገልብጦ ያንኑ መድገም፣ ከፒያኖ ላይ ልምምድ ይልቅ ያልተያዘውን ቦታ ቶሎ ያጋልጣል።

በቃል መያዝና ለሰው መጫወት

ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻ የሚያውቅ እጅ አንድ ቦታ ላይ ሲስት መመለሻ የለውም። ስለዚህ በኖታው ላይ የመነሻ ነጥቦችን ቁጥር ሰጥተው ይጻፉ፦ ባር 5፣ ባር 13፣ ባር 25፣ ባር 43፣ ባር 83፣ ባር 119 እና በየመካከላቸው የሚመርጧቸውን። ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ዕጣ እያወጡ ከወጣው ነጥብ ያለ ዝግጅት ይጀምሩ። ግራ እጅን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃል መጫወት እዚህም መመዘኛ ነው፤ በመድረክ ላይ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ቀኝ እጅ ሳይሆን ግራው ነው።

ለሰው ከመጫወትዎ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በየቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጅ ሳይሟሟቅ፣ ሳያቆሙ ሙሉውን ይቅረጹ። የቀረውን የልምምድ ጊዜ በዝግታ ይሥሩ፤ በሙሉ ፍጥነት ደጋግሞ መጫወት የጠራውን ነገር ያደበዝዛል። በዕለቱ የመጀመሪያውን የጂ ሻርፕ ኦክታቭ ከመምታትዎ በፊት የባር 3ን ግራ እጅ በአእምሮዎ ይስሙ፤ የሥራው ፍጥነት የሚወሰነው በዚያ ነው። ኦክታቩ ሁለት ባር ሙሉ ይቆያል፤ አያሳጥሩት፤ እየቆጠሩ ትከሻዎን ያላሉ። መሀል ላይ ቀኝ እጅ ከጠፋብዎ ግራውን አያቁሙ፤ እየሄደ ይቆይና ቀኙ በሚቀጥለው የመነሻ ነጥብ ይግባ። ሁለቱም ከጠፉ ወደ ኋላ አይመለሱ፤ ወደ ቀጣዩ ቁጥር ዘልለው ከሥሩ ኖታ ይቀጥሉ።